ለልምምድ ያህል

አንድ ረጅም ሰው በሩን ሲያንኳኩ አጥር ሠሪው የመጣ መሰለኝ። እናቴ ጠዋት ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርድ፣ ሸፊ የሚባል ሰው ከእንጦጦ በኩል እንደሚመጣ፣ ሲመጣም በጓሮ በኩል የወደቀውን አጥር እንዳሳየው ነግራኝ ነበር። ሸፊን አይቼው አላውቅም። በሩ ላይ የቆሙት ሰው ከሲታ ናቸው፤ የለበሱት ጋቢ ከአቧራ ብዛት መልኩን ለውጧል። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የእናቴ የወይዘሮ ብርነሽ ቤት ይህ እንደሆነ ጠየቁኝ።

«አዎ፣ ይግቡ» አልኳቸው። «ከጠዋት ጀምሮ ስንጠብቅዎት ነበር።»

ፊታቸው ፈካ አለ። «ስትጠብቁኝ?» አሉ።

ከማላውቀው ሰው ጋር ብዙ መነጋገር ይከብደኛል። መልስ ሳልሰጥ ወደ ጓሮ መራኋቸውና ነፋስ የጣለውን አጥር አሳየኋቸው። አጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተመልሰው አጥሩን አዩ። ከዚያ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ፣ መጥረቢያ እንዳለንም ጠየቁ። አመጣሁላቸውና ወደ በረንዳው፣ ወደ ወረቀቶቼ ተመለስኩ።

እናቴ የመጣችው ወደ ቀትር ገደማ ነው። የመጥረቢያውን ድምፅ ሰምታ ወደ ጓሮ ዞረች። ወዲያው «አያ ወልዱ» ስትል ሰማኋት፤ ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። ስደርስ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው አልጨረሱም። አያ ወልዱ የእናቴ የአክስቷ ልጅ ናቸው። ወሎ፣ አምባሰል አብረው አድገዋል፤ እሷ ተድራ ወደ አዲስ አበባ ከመጣች ወዲህ ግን አልተያዩም። እናቴ እንግዳዋ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ እንጨት ሲፈልጥ እንደዋለ ሲገባት ወደ እኔ ዞረች። እሳቸው ቀደሟት።

«ተያት» አሉ። «የአዲስ አበባ ሰው እንግዳውን በመጥረቢያ ነው የሚቀበል ብዬ ዝም አልሁ። አገሩ ከሆነ ምን ይደረጋል።»

እናቴ ከሳቋ ብዛት የእንጨቱ ክምር ላይ ተቀመጠች። ቀና ስትል ደግሞ ያገሯን ሰላምታ ጀመረች። ሚስትህ ደኅና ናት? ልጆችህ ደኅና ናቸው? ከብቱ? አዝመራው? ጎረቤቱ? እሳቸውም ለእያንዳንዱ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ፣ ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰላምታ እንደ ጸሎት ነው፤ ቃሉን ማንም ለይቶ አይሰማውም። እኔም አልሰማሁትም።

በእኛ ቤት እንግዳ ለምን መጣህ አይባልም። መቼ ትሄዳለህም አይባልም። ራሱ ካነሳው ይሰማል፣ ካላነሳው ይበላል፣ ይተኛል። አያ ወልዱም ያን ዕለትም ሆነ በማግሥቱ ምንም አላነሡም።

ጊዜው መጋቢት ነበር፤ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አምስት፣ ሁዳዴ መካከል። እኔ በዚያ ሰሞን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ዩኒቨርሲቲውን በስታትስቲክስ ጨርሼ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ዝቅ ብሎ አንድ ቪላ ተከራይቶ በሚሠራ የርዳታ ማኅበር በኩል ወደ ኒጀር በበጎ ፈቃድ ልሄድ ተመዝግቤ ነበር። እዚያ ዝናብ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል። ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ወጣቶች በገበሬ መንደሮች እየዞሩ ቤተሰቡን ጠይቀው፣ ለየትኛው መንደር ምን ያህል እህል እንደሚያስፈልግ ያቅዳሉ። ጎረቤቶቻችን ውጭ አገር ልትሄድ ነው ሲባል ሰምተው እንኳን ደስ ያለሽ ብለውኛል። አንዷ ካፖርት እንዳመጣላት አደራ አለችኝ። ወደ ኒጀር ነው ስላት፣ ከእንግሊዝ አገር ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቀችኝ።

መሄዴ ግን ገና አልተረጋገጠም። የማኅበሩ ኃላፊ አቶ ስብሐት ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያልጠገቡ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ከመሄዳችን በፊት ጥያቄዎቹን እንድንለማመድ ያደርጉናል። በቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ? ከብት ስንት ነበረ፣ ስንት ቀረ? ዘር አለ? ትናንት ምን በላችሁ? ወደ አማርኛ የመለስኳቸው እኔ ነኝ፤ ቀላል ናቸው። የመጨረሻዋ ብቻ ከአፌ አልወጣ አለች። እኛ ዘንድ ሰው በላህ ወይ ተብሎ የሚጠየቀው ሊቀርብለት ነው። ጠይቆ ዝም ማለት ነውር ነው። በመጀመሪያው ልምምድ አቶ ስብሐት ገበሬ ሆነው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ወለሉን እያየሁ ትናንት ምን እንደበሉ ጠየቅኳቸው። ምንም አልበላሁም አሉ። እኔም ሳላስበው ለምሳ የያዝኩትን ዳቦ ወደ እሳቸው ገፋሁት። ሌሎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሸዋገነት፣ እዚያ ስትደርሺ ይህ ዳቦ እስከ ስንተኛው ቤት ይደርሳል?» አሉኝ።

ከዚያ ሕጉን ደገሙልኝ። ፊትሽ አይለዋወጥ። አታጽናኚ፤ የተጽናና ሰው እንዳታዝኚ ብሎ መልሱን ያሳምራል። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ደግመሽ ጠይቂ። በሚመጣው ሰኞ እንደገና እንደሚፈትኑኝ፣ ያን ጊዜም ካልቻልኩ በቦታዬ ሌላ ሰው እንደሚልኩ፣ ቅር እንዳይለኝም ነገሩኝ። እኔ ዩኒቨርሲቲውን የጨረስኩት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እጄን ሳላወጣ ነው። በሕይወቴ እንደዚህ የፈለግኩት ነገር አልነበረም። ለምን እንደፈለግኩት ቢጠይቁኝ ለመናገርም አፍር ነበር።

ስለዚህ አያ ወልዱ በመጡበት ሳምንት በየቀኑ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ለግድግዳው፣ ለጽጌረዳው ማሰሮ፣ ለራሴም ጥያቄዎቹን እጠይቃለሁ። እሳቸው ደግሞ መቀመጥ አይወዱም። አጥሩን ጨርሰው የበሩን ማጠፊያ አቀኑ። ከዚያ የጓሮውን አፈር መኮትኮት ያዙ። እናቴ ተው፣ እንግዳ ነህ ስትላቸው፣ የለመደ እጅ ነው፣ ዝም ቢል ያመኛል ይሏታል። አንዳንዴ ሲደክማቸው አየሁ። ዶማውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ፤ ቆይተው ይቀጥላሉ። ጾም ነው፣ ዕድሜም አለ አልን።

ቀትር ሲያልፍ ወደ ቁስቋም ማርያም ለቅዳሴ ይወጣሉ። ከቅዳሴ በኋላ እዚያው እቀምሳለሁ እያሉ የምሳቸውን ዳቦና ንፍሮ በጨርቅ ቋጥረው ይሄዳሉ። ማታም ገበታ ላይ ጥቂት ጎርሰው እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ከፊታቸው የተረፈውን ለነገ ቅዳሴ ብለው ያስቀምጣሉ። እናቴ ይህን እያየች ትገረም ነበር። ያገሯ ሰው ጾም እንደሚያውቅ፣ እኛ የአዲስ አበባዎቹ ግን ሽሮ በላን እንጂ ጾምን እንደማይባል ትነግረኛለች።

ከእራት በኋላ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ወረዳ ፍርድ ቤት ስላዩት ክርክር ሲያወሩ ከሳሹንም ተከሳሹንም ዳኛውንም ራሳቸው ይሆኑታል። ዳኛው ሲያንቀላፉ፣ ከሳሹ ሲምል፣ ተከሳሹ ጆሮው እንደማይሰማ ሲያስመስል። ድምፃቸው ብቻ ሳይሆን ፊታቸውም ይለወጣል። እናቴ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። ስለ ዝናቡ አንድ ጊዜ ጠይቃቸው ነበር። በከተማው ስለ ወሎ በሹክሹክታ የሚወራ ነገር አለ፤ ሬዲዮው ግን ስለ ኒጀር እንጂ ስለ ወሎ አያነሳም። አያ ወልዱ ዝናብ የእግዜር ነው፣ ሲፈቅድ ይመጣል ብለው ወደ ዳኛው ተመለሱ።

ረቡዕ ዕለት እውነተኛው አጥር ሠሪ መጣ። ሸፊ ወጣት ነው፤ ምላሱ ከመጥረቢያው ይፈጥናል። አጥሩን ዞሮ አየ፣ በእጁ ነቀነቀው፣ አልነቃነቅ አለው።

«እትዬ ብርነሽ፣ በእኔ ላይ ሌላ አገቡብኝ?» አላት። «ደግሞ ሽቦ እንኳ አላስገዛዎትም፤ በዛፍ ልጥ ነው ያሰረው። እንዲህ ያለ ሰው ጉለሌ ከገባ እኔ ምን ልበላ ነው?»

አያ ወልዱ ሥራውን ስለወሰዱበት ይቅርታ ጠየቁት። ሸፊም እንጨት አቀብሎ እንደማያውቅ ሰው ተቀምጦ ቆሎ እየበላ ወሬ ያዘ። ሲወርድ ቁስቋም ደጅ አዳዲስ ሰዎች እንዳየ፣ ከሰሜን የመጡ ናቸው እንደሚባል፣ ቋንቋቸው ግን የለማኝ እንዳልሆነ፣ ዝም ብለው እንደሚቀመጡ አወራ። እናቴ ምስኪኖች አለች። አያ ወልዱ ውኃ ለመጠጣት ተነሡ።

እሑድ ጠዋት ሦስታችንም ወደ ቁስቋም ወጣን። ከባሕር ዛፉ መካከል የሚወርደው ነፋስ አቧራ ያመጣል፤ ዳገቱ ላይ አያ ወልዱ ሁለት ጊዜ አርፈዋል። ከቅዳሴ በኋላ እናቴ እንደ ልማዷ የቆረሰችውን ዳቦ በነጠላዋ ይዛ ደጁ ላይ ለተቀመጡት ማደል ጀመረች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ከግንቡ ሥር አንዲት ሴት አንዲት ትንሽ ልጅ ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች። እናቴ ዳቦውን ስትዘረጋላት ሴትዮዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነችና እጇን ብቻ አወጣች። እናቴ እግዚአብሔር ያውጣሽ ብላት አለፈች። አያ ወልዱን ስፈልጋቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቁልቁል ከተማውን ያያሉ። ሰፊ ከተማ ነው አሉኝ፣ ስንደርስባቸው።

ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ነበርን። እናቴ በሩ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። በማግሥቱ ሰኞ፣ ፈተናዬ ስለሆነ እኔ ወረቀቱን እያነሳሁ እመልሳለሁ። አያ ወልዱ ያ ወረቀት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ኒጀር የሚባል አገር እንዳለ፣ ዝናብ እንደጠፋ፣ ገበሬዎቹን እንደምንጠይቅ፣ እኔ ደግሞ መጠየቅ እንደማልችል። ሳልጨርስ እናቴ፣ ግድግዳ ከምትጠይቂ አያን ለምን አትጠይቂያቸውም፣ ዳኛ የሆነ ሰው ገበሬ መሆን አያቅተውም አለች።

አያ ወልዱ ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«ለጨዋታ ነው አይደል?» አሉ።

«ለልምምድ ያህል ነው፣ አያ።»

«እንግዲያስ እኔ ያ የኒጀር ሰው ልሁን» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ዓይናቸውን እንዳላይ አንገታቸው ላይ ያለውን ማዕተብ እያየሁ ጀመርኩ።

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?»

«ስድስት ነበርን።»

«አሁንስ?»

«ሦስት።»

«ሌሎቹ የት ሄዱ?»

«ትልቁ ልጅ ወደ ቆላ ወርዷል፤ ጥጥ ለቀማ አለ ሲሉት። ሁለቱ መንገድ ላይ ቀሩ።»

ቀሩ ብሎ መጻፍ አይበቃም። አቶ ስብሐት እንዳሉት ደግሜ፣ የቀሩት በሕይወት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አይደለም አሉ። ጻፍኩ። ፊቴ አልተለዋወጠም፤ ይህም በልቤ ደስ አሰኘኝ። እንዴት ያለ ተጫዋች ናቸው ብዬም አሰብኩ። ድምፃቸው እንደ ዳኛው ወይም እንደ ከሳሹ አልሆነም፤ የራሳቸው ድምፅ ነበር፤ እንዲያውም ዝቅ ያለ። ይህንንም ከችሎታቸው ቆጠርኩት።

ስለ ከብቱ ስጠይቃቸው ሁለት በሬ ነበረን አሉ። አንዱ ተሸጠ። ሁለተኛው እርሻው መካከል ተኛ፤ ሊያነሡት ሞከሩ፣ አልነሣ አለ። ስለ ዘሩ ጠየቅኩ።

«በላነው» አሉ።

ከኋላዬ የሰፌዱ ድምፅ ቆመ። እኔ ግን ወደ መጨረሻዋ ጥያቄ ደርሼ ስለነበር ልቤ እዚያ ላይ ነበር።

«ትናንት ምን በላችሁ?»

ቀጥ ብላ ወጣች። እንደዚያ ወጥታ አታውቅም።

«እኔ ዘመድ ቤት በላሁ» አሉ አያ ወልዱ። «ደግ ቤት ነው። እነሱ እኔ ያስተረፍሁትን በሉ።»

«እነሱ የት ናቸው?»

«ቤተ ክርስቲያን ደጅ።»

እዚህ ላይ እርሳሴን አነሣሁ። «አያ፣ እዚያ አገር አብዛኛው ሰው እስላም ነው» አልኳቸው። «ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚለው አይሆንም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ቆጣ ያሉ አይመስሉም፤ የደከማቸው ይመስሉ ነበር።

«እንግዲያስ መስጊድ ደጅ በይው» አሉ።

መስጊድ ደጅ ብዬ ጻፍኩ።

እናቴ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ የመጡ ዕለት ጓሮ እንደቆመችው ፊታቸው ቆመች። እጇ ላይ ምስር ተጣብቆ ነበር።

«አያ ወልዱ» አለች። «ሚስትህ ደኅና ናት?»

ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጆችህ ደኅና ናቸው?»

እጃቸውን አገላብጠው አዩ። ያን ጊዜ የጻፍኩትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

«ቁስቋም ደጅ ናቸው፣ ብርነሽ» አሉ። «ዓለምነሽና ትንሿ ልጅ። ዳቦ ሰጥተሻቸዋል ዛሬ።»

እናቴ ለምን እንዳልነገሯት ጠየቀች። የቁጣ ድምፅ አልነበረም፤ የማንም ድምፅ አልነበረም።

«ጠይቀሽኝ ነበር እኮ» አሉ። «ገና ከመምጣቴ። ደኅና ናቸው አልሁሽ። ሰላምታ ነው፤ ሌላ ምን ይባላል? አንድ ጊዜ ደኅና ናቸው ካልሁ በኋላ በምን አፌ ልመልሰው። ደሞ ልጅሽ ስንጠብቅዎት ነበር አለችኝ፤ ሰው ቀድሞ የነገረልኝ መሰለኝ። ከዚያ አጥሩን አሳየችኝ። ሥራ ካለማ እየሠራሁ ልብላ፣ ከምበላው እነሱንም ላብላ አልሁ። ሦስት ሆኖ መግባት ልመና ነው፤ አንድ ሰው ግን እንግዳ ነው።»

እናቴ ጫማዋን አጠለቀች። እኔም ተከተልኳት። አያ ወልዱ ሊነሡ ሲሉ ዳገቱን ሁለተኛ እንዳይወጡት፣ ውኃ እንዲያሞቁ ነገረቻቸው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ የሸማኔዎቹ መወርወሪያ ድምፅ የለም፤ እሑድ ነው። መንገዱ ባዶ ነበር። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እናቴ ግንቡ ሲታየን፣ «ፊቷን ሸፍና ነው የተቀበለችኝ» አለች።

ዓለምነሽ እኛን ስታይ እንደገና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እናቴ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። የአያ ወልዱ ዘመድ እንደሆነች፣ እኔም ልጇ እንደሆንኩ ነገረቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሳመቻት። ልጅቷን እኔ አዘልኳት። ክብደት አልነበራትም። ጀርባዬ ላይ ሆና ስንወርድ አንገቴ ላይ ያለውን ክር በጣቷ ትነካለች፤ መንገዱን ሙሉ ያደረገችው ይህን ብቻ ነው። ቤት ስንደርስ አያ ወልዱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጅቷን ከጀርባዬ ተቀብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሰኞ ወደ ጳውሎስ ሄድኩ። አቶ ስብሐት እንደገና ገበሬ ሆነው ተቀመጡ። ዓይናቸውን እያየሁ ሁሉንም ጠየቅኳቸው። ምንም አልበላሁም ሲሉኝ፣ ከትናንት በፊት በነበረው ቀንስ ብዬ ቀጠልኩ። ጨርሰን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

ተለማመድኩ አልኳቸው። ማለፌን ነገሩኝ። ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ ሌላ ጥያቄ ልጠይቅ ብዬ ፈቃድ ለመንኩ። ይህ ዕቅድ፣ እነዚህ ሰዎች፣ እህሉም ለወሎ ሊሆን ይችል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ስለ አያ ወልዱ ነገርኳቸው። ስለ ዘሩም፣ ስለ ሁለቱ ልጆችም።

ተነሥተው በሩን ዘጉ። መልሰው ተቀመጡ። እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ፣ በዚህ ሳምንት የነገራቸው ሌላም ሰው እንዳለ አጫወቱኝ። ዓይናቸውን ሲያሹ ቆዩ።

«ኒጀር ጠይቋል፤ ስለዚህ እንሄዳለን» አሉ በመጨረሻ። «ካልተጠየቅን መንደር መግባት አንችልም። እዚህ ደግሞ ደኅና ነን ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ሸዋዬ» አሉ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። «ሂጂ። ሥራውን ተማሪው። የሚጠየቅ ቀን ሲመጣ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።»

በአውቶቡስ ወደ ቤት ስመለስ እንደማልሄድ ወስኜ ነበር። ለእናቴ ነገርኳት። ጓሮ ሆና የልጅቷን ቀሚስ እያጠበች ነበር፤ ውኃው ቡናማ ሆኗል። አያ ወልዱ የሠሩት አጥር ላይ የዓለምነሽ ነጠላ ተሰጥቷል። ብቀር ምን ልታደርጊ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ልረዳሽ አልኳት። እናቴ ቀሚሱን ጨምቃ አራገፈችው።

«ቤቱን አይተሽዋል» አለች። «ብትቀሪ የት ልትተኚ ነው?»

ልጅቷ ሌሊቱን ከእኔ ጋር አድራለች፤ ዓለምነሽ መሬት ላይ ነበረች። እናቴ ቀሚሱን አጥሩ ላይ አሰጣችና፣ ስሄድ ሹራብ እንዳልረሳ፣ በአውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል ሲባል እንደሰማች ነገረችኝ።

በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ኒጀር፣ ወደ ኒያሜ በረርኩ። አልጋዬን ዓለምነሽና ልጇ ያዙት።